አኳሪየሙ ሸተተ ብላችሁ በረኪና አታንሱ

አንድ የድሮ ተማሪዬ ዱባይ ነው የሚኖረው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ የዓሣዬ ውሃ የገማ እንቁላል መሽተት ጀመረ፤ ደባሎቼ ወይ እሱን አውጣ ወይ አንተ ውጣ እያሉኝ ነው፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጻፈልኝ። 30 ሊትር የምትይዝ ትንሽ የጨው ውሃ አኳሪየም ናት። ኒሞ የምንላቸው ብርቱካናማ ዓሣዎች ሁለት፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች፣ አሸዋና ድንጋይ አሉባት። እኔን ከመጠየቁ በፊት ምክር ጠግቧል። አንዱ ሁሉንም አውጥተህ በበረኪና እጠብ ብሎታል፣ ሌላው ክፍሉ ውስጥ ሽቶ ንፋ፣ የገዛበት ሱቅ ደግሞ ሽታ ያጠፋል የሚባል ፈሳሽ ሸጦለታል። መልሴ ረዘም ስለሚል፣ ዓሣ የምታሳድጉ ሌሎችም ስላላችሁ እዚሁ ልጻፈው።

ሦስቱም ምክሮች አይዋጡልኝም። ሽታው ሌላ ነው፣ በሽታው ሌላ ነው። ሽታውን ያጠፋ ሰው ጠቋሚውን ነው ያባረረው፤ የሞተው ነገር እዚያው ውሃ ውስጥ አለ። በነገራችን ላይ አፍንጫ ይለምዳል። ባለቤቱ ሳይሸተው ሳምንት ሊያልፍ ይችላል፤ ደባሎቹ መቆጣታቸው ለዓሣዎቹ በጅቷቸዋል።

ደህና የጨው ውሃ አኳሪየም ቀረብ ብለው ሲያሸቱት ቀለል ያለ የባህር ሽታ አለው፤ ምጽዋ ወይም ጅቡቲ የሄደ ያውቀዋል። ክፍሉን የሚሞላ ግማት ግን የለውም። የገማ እንቁላል ከሆነ ነገሩ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ለምን በጨው ውሃ ላይ ይበረታል? የባህር ውሃ ውስጥ ከክሎራይድ ቀጥሎ በብዛት ያለው ኔጌቲቭ አዮን ሰልፌት ነው፤ በ1 ሊትር ውስጥ 2.7 ግራም ገደማ። ውሃ የማይንቀሳቀስበት ቦታ ኦክስጅን ያልቃል። ያኔ ኦክስጅን የማያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ሰልፌቱን እየተጠቀሙ የበሰበሰውን ይበላሉ፤ ትርፉ ያ ጋዝ ነው። ጥቁር ባህር ከ150 እስከ 200 ሜትር ገደማ ጥልቀት በታች ዓሣ የማይኖርበት በዚሁ ምክንያት ነው። የልጁ 30 ሊትር ታች ላይ ትንሽ ጥቁር ባህር እየሠራች ነው ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ምን ሞተ? ምን መንቀሳቀስ አቆመ?

የሞተውን ለማግኘት ቆጠራ ነው። ዓሣዎቹን ቁጠሩ፣ ቀንድ አውጣዎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። የማይንቀሳቀሰውን አውጥታችሁ አሽቱት፤ የሞተ ቀንድ አውጣ ካሸተታችሁ ሁለተኛ አትጠራጠሩም። ከድንጋይ ሥር፣ ከማጣሪያው ጀርባ እዩ። ከዚያ ምግብ። አብዛኛው ሰው ዓሣን እንደ እንግዳ «ብላ እንጂ» እያለ ነው የሚያበላው። በሁለትና በሦስት ደቂቃ ያልተበላ ምግብ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል።

የቆመውን ለማግኘት ደግሞ ፓምፑንና ማጣሪያውን እዩ። ስፖንጁ በቆሻሻ ተደፍኖ ይሆን? በመስታወቱ በኩል አሸዋው ላይ ጥቁር ቦታ ይታያል? ጥቁሩ የብረትና የድኝ ውህድ ነው፤ ኦክስጅን እንደሌለ ይነግራችኋል። እዚህ ላይ አደራ፦ አሸዋውን በአንድ ጊዜ አታማስሉት። የታመቀው ጋዝ ወጥቶ ዓሣዎቹን ይገድላል። በቀጭን ቱቦ ከጥቁሩ ጥቂት ጥቂት፣ በየጥቂት ቀኑ፣ ከውሃው ጋር እየሳባችሁ አውጡ። ለትንሽ አኳሪየም ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይበቃል።

ሌላ ሽታም አለ። የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ከሆነ የሞተ ነገር ወይም የምግብ ትርፍ ነው። ድንጋዩ አዲስ ከሆነ ላዩ ላይ የነበሩ ነፍሳት እየሞቱ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ አሞንያን ሽታው ይነግረኛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ዓሣ በሚገድልበት መጠን ሰው አይሸተውም። የአሞንያ መለኪያ መግዛት ከሽታ ማጥፊያው ጠርሙስ ይሻላል።

አሁን ወደ በረኪናው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የናይትሮጅን ዑደትን በቀስት የሣልኩላችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ፦ አሞንያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይት ወደ ናይትሬት። ያን የሚሠሩት ድንጋዩና ስፖንጁ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አዲስ አኳሪየም ላይ እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጃሉ። በረኪና በአንድ ከሰዓት ይጨርሳቸዋል። ቤቱ ይጸዳል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ዓሣዎቹ በቀናት ውስጥ በራሳቸው አሞንያ ይሞታሉ። ከዚያ «የጨው ዓሣ አይሆንም» ይባላል። ስፖንጁ ከቆሸሸ ከአኳሪየሙ በወጣ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው።

በሱቆቹ የምናደደው ግን በሌላ ነገር ነው። ትንሿን ዕቃ «ለጀማሪ» ብለው ይሸጧታል። ሒሳቡን እንሥራው። ጨዋማነቱ በሺህ 35 ከሆነ 30 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ቢተን፣ ጨው ስለማይተን ወደ 36.2 ይወጣል። 200 ሊትር ላይ ያው 1 ሊትር ቢተን 35.2 ነው። የአንድ ቀንድ አውጣ ሬሳም ትንሿ ውስጥ ሰባት እጥፍ ገደማ ይበረታል። ጀማሪ የሚሳሳትበት ሰፊ ውሃ ነው የሚያስፈልገው፤ ርካሽና ጠባብ የሆነውን ለእሱ መስጠት ያለ ልምምድ ፈተና ላይ እንደማስቀመጥ ነው። (የተነነውን የምትተኩት ደግሞ ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው። ጨዋማ ውሃ ከጨመራችሁ ጨው በጨው ላይ ይሆናል።)

እኛ ዘንድ የጨው ውሃ ያለው ጥቂት ነው፣ የወርቅ ዓሣ ያላችሁ ግን ብዙ ናችሁ። መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ የተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ የቀረው ውሃ ኦክስጅኑ ያልቅና ይገማል። መብራት ሲመጣ ያን ሁሉ ዓሣው ላይ ይተፋዋል። ማጣሪያውን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ውስጡን አለቅልቃችሁ ነው መልሳችሁ የምታስነሱት። ባህረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ደግሞ በበጋ ኤሲ አጥፍታችሁ አትሂዱ፤ የሞቀ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል።

ዓሣዎቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ከሆነ ግን ቆጠራውን ቆይታችሁ ታደርሱታላችሁ። የአየር ፓምፕ ካለ አሁኑኑ ክፈቱ፣ ከሌለ የማጣሪያውን አፍ ወደ ላይ አዙራችሁ የውሃውን ገጽ አንቀሳቅሱ። ቀድሞ የተዘጋጀ፣ ሙቀቱና ጨዋማነቱ እኩል የሆነ ውሃ ካላችሁ ሩቡን ያህል ቀይሩ። ምግብ ለዛሬና ለነገ ይቅር፣ ዓሣ ለሁለት ቀን ሳይበላ ምንም አይሆንም።