ሁለተኛው ጓንት
ይድረስ ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ነርስ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት በመንግሥት ሆስፒታሎች የተኝቶ ሕክምና ክፍል ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ጥንድ ስቴራይል ጓንት ስላጣሁበት ሌሊት ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አንድ አዛውንት ሽንት አልወጣ ብሏቸው በጭንቅ መጡ። ካቴተር ማስገባት ነበረብኝ። ካቴተሩም ጓንቱም አልቆ ስለነበር እንደተለመደው ለልጃቸው ወረቀት ተጻፈለት። ከግቢው ፊት ለፊት ያለውን ፋርማሲ አንኳኩቶ፣ ባለቤቱን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ፣ ካቴተርና አንድ ጥንድ ጓንት ይዞልኝ መጣ። ኪሱ የፈቀደው ያንን ነበር።

ይህን ሥራ በቅርብ ላላያችሁ ልንገራችሁ። ግራ እጄ የታማሚውን ገላ ከያዘች በኋላ ንጹሕ አይደለችም፤ ሥራው እስኪያልቅ ከያዘችበት አትነቃነቅም። ካቴተሩን የምታስገባው ቀኝ እጄ ናት፤ እሷ ደግሞ አንሶላም ሆነ የአልጋ ብረት፣ የራሴን ጋወን እንኳ መንካት የለባትም። አዛውንቱ ግን ሕመሙ ሲብስባቸው «በማርያም፣ ልጄ» ብለው ቀኝ እጄን ለቀም አደረጉ።

የተማርኩት ግልጽ ነው፤ ያ ጓንት ይጣላል፣ አዲስ ይጠለቃል። አዲስ አልነበረም። ፊኛቸው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ልጁ ከመጋረጃው ማዶ ቆሟል። ጓንቱን በአልኮል ጠርጌ ቀጠልኩ። ሽንቱ ሲወርድላቸው «ተመስገን» አሉ፤ መረቁኝም። በአራተኛው ቀን ብርድ ብርድ አላቸው፣ ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ከእኔ እጅ መምጣቱን ማረጋገጥ አይቻልም፤ ከእኔ እጅ አለመምጣቱንም ማንም ሊያረጋግጥልኝ አይችልም። አዛውንቱ ድነው ወጥተዋል። ለሁለተኛ ጓንት ያልበቃው የልጁ ኪስ ግን ብር ተበድሮ የአሥር ቀን አንቲባዮቲክ ገዛ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ታማሚዎች 15ቱን እዚያው ሳሉ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል፤ ከተያዙት ከ10 አንዱ ይሞታል። ሠላሳ አልጋ ባለው ክፍል ውስጥ በኢንፌክሽን የሚያዘው አራት ወይም አምስት ሰው ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ችግሩ የዕውቀት ነው ተብሎ ሥልጠና በሥልጠና ላይ ይደረባል። አምስቱን የእጅ መታጠቢያ ጊዜያት በቃላችን እንወጣቸዋለን፤ ታማሚን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ከነካን በኋላ፣ ታማሚውን ከነካን በኋላ፣ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነካን በኋላ። ይኸው ፖስተር ሆኖ ከሲንኩ በላይ ተለጥፏል። ቧንቧው ነው የደረቀው። በየቤታችን እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያ ይዞ የሚዞር ልጅ አይጠፋም፤ ይህ ሕዝብ እጅ መታጠብን ከፖስተር አልተማረም።

ውሃ በመጣበት ቀንም ቢሆን ሂሳቡን እዩልኝ። በሳሙናና በውሃ በደንብ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይወስዳል። ሃያ ታማሚ የያዘች ነርስ ለእያንዳንዱ በአንድ ተረኛነት አራት ጊዜ ብቻ ብትታጠብ፣ በ40 ሴኮንድ ስሌት ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ሲንክ ላይ ትቆማለች። በአልኮል ሳኒታይዘር 20 ሴኮንድ ይበቃል፤ ከየአልጋው ራስጌ ከተሰቀለ መመላለሱም ይቀራል። ቀመሩ የታወቀ ነው፤ 80 በመቶ ኢታኖል፣ ጥቂት ግሊሰሪንና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ የተጣራ ውሃ። የሆስፒታል ፋርማሲ ሊቀምመው ይችላል። ኢታኖሉን ደግሞ የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ሲያመርቱት ኖረዋል።

የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ሙቀት ስለምናመክንበት አውቶክሌቭም አንድ ነገር ልበል። በ121 ዲግሪ የተጠቀለለ ዕቃ ሠላሳ ደቂቃ መቆየት አለበት። መብራት በሃያኛው ደቂቃ ሲጠፋ የቀረውን አሥር ደቂቃ ማሟላት አይደለም፤ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ለቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው እያለ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሳይኖረው፣ ያንን የሚያደርግ ሰው ይኖራል? ጥቅሉ ላይ ያለው ቴፕ ከጠቆረ ደርሷል ተብሎ ይወጣል። ቴፑ ዕቃው ሙቀት ማግኘቱን ይናገራል እንጂ ጀርሙ መሞቱን አይመሰክርም። ጥቅሉ እርጥብ ሆኖ ከወጣማ ስቴራይል አይባልም።

እንደማይቻል አትንገሩን፤ ሲቻል አይተናልና። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ በየባንኩና በየሱቁ በር ላይ ባለ ቧንቧ በርሜልና ሳሙና በቀናት ውስጥ ተደረደረ።

ስለዚህ ይህን እለምናችኋለሁ። ስቴራይል ጓንትና ካቴተር ታማሚው ከሚገዛው ዕቃ ዝርዝር ይውጡ፤ እንደ አልጋውና እንደ አንሶላው ሆስፒታሉ የሚያቀርባቸው ይሁኑ፤ በጀታቸውም የማይነካ ይሁን። ነርስ ጓንቷ ሲነካባት ሁለተኛውን ለመጠየቅ የታማሚ ቤተሰብ ኪስ መመልከት የለባትም።

የሱፐርቪዥን ቡድናችሁም ሲመጣ የሥልጠና ቃለ ጉባኤ አይጠይቀን። ሳይነግረን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይምጣ፤ ቧንቧውን ይክፈት፤ መሳቢያውን ስቦ ጓንቱን ይቁጠር።

ከአክብሮት ጋር፣
የተኝቶ ሕክምና ክፍል ነርስ