መርፌ የያዘ እጅ ባለሙያን አይንቅም

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳርና ዳር የተዘረጋው ሽሮ ሜዳ፣ የአገራችን የበዓል ልብስ የሚሰናዳበት ታላቅ ግምጃ ቤት ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። ዘመን መለወጫ፣ መስቀል፣ ልደት፣ ጥምቀት ወይም ትንሣኤ በተቃረበ ቁጥር፣ አባቶቻቸው ከጋሞ ደጋ መጥተው በዚያ የሰፈሩት የዶርዜ ሸማኔዎች ከመሸመኛቸው ሳይነሡ የሚያመሹት፣ ልብስ ሰፊዎቹም ጥለቱን ከቀሚሱ ጋር ለማገናኘት በየመደብሩ ጓዳ በስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው የሚውሉት፣ የከተማው ሕዝብ ነጭ ለብሶ በዓሉን ያከብር ዘንድ ነው። ከዚያም ብዙ ሳይርቅ፣ በሸክላ ሠሪዎቹ፣ በሸማኔዎቹና በቀጥቃጮቹ ስሙ የታወቀው ቀጨኔ ይገኛል።

ይሁን እንጂ እነዚህ እጆች ስለ ድካማቸው ከእኛ የተቀበሉትን ብድራት ስናስብ ኅሊናችን ሊወቅሰን ይገባል። ሸማውን ለብሰን ሸማኔውን ስናቃልል፣ በጀበናው የተፈላውን ቡና ጠጥተን ጀበናውን የሠራችውን ሴት ቡዳ እያልን ስንሸሽ ኖረናልና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ ማስነገራቸው ዘወትር የሚያስመሰግናቸው ተግባር ነው፤ ነገር ግን አዋጅ አንደበትን ሊገታ ቢችልም በልቡና ውስጥ አክብሮትን ሊተክል አይችልም። አክብሮት የሚተከለው፣ ሰው የናቀውን ሥራ በገዛ እጁ ሞክሮ ክብደቱን በመዘነ ጊዜ ነው። በየሠፈሩ ጎረቤታሞች በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው መርፌ ያልያዙትን መርፌ የሚያስይዙበት የስፌት ማኅበር፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጊዜ ማሳለፊያነት አልፎ የምግባር ትምህርት ቤት ነው የምለውም ስለዚህ ነው።

በእኛ ሠፈር እንዲህ ባለ ጉባኤ ውስጥ ተቀምጬ ከተመለከትኩት ለጀማሪዎች የሚበጀውን ጥቂት ላካፍል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በምኞቱ ትልቅነት ነው፤ ገና ቀጥ ያለ ስፌት መስፋት ሳይችል ሽንሽን ቀሚስ ለመስፋት ይነሣል፤ ጨርቁም ያልቃል፣ ተስፋውም ይቆረጣል። የመጀመሪያው ሥራ አራት ማዕዘን ያለው፣ በቀጥታ መስመር ብቻ የሚፈጸምና በቤት ውስጥ የሚፈለግ ነገር መሆን አለበት፤ የትራስ ልብስ፣ የመሶብ መሸፈኛ፣ የወጥ ቤት ሽርጥ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ጨርቁም አቡጀዲ ቢሆን ይመረጣል፤ በመርፌ ሥር የማይሸሽ፣ ድሩና ማጉ ተለይቶ የሚታይ በመሆኑ እጅን ብቻ ሳይሆን ዓይንንም ያስተምራል። ጥጥ ውሃ ሲነካው የሚሰበሰብ ነውና፣ መቀስ ሳያርፍበት አስቀድሞ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በካውያ ሊተኮስ ይገባል። ሲቆረጥም የድሩን አቅጣጫ ተከትሎ መሆን አለበት፤ ከድሩ ተዛብቶ የተቆረጠ ጨርቅ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሰፋ፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ መጣመሙ አይቀርምና።

ትራሱ 50 በ70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በሚገጣጠመው ጠርዝ ሁሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ለስፌት ይተዋል፤ በአፉ በኩል ግን ጨርቁ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ስለሚዘመዘም ትርፉ ከዚያ መብለጥ አለበት። በስፌት መኪና የሚማር ደግሞ ክር ከማስገባቱ በፊት፣ ባዶውን መርፌ በተሰመረ ወረቀት ላይ እያስኬደ እጁንና እግሩን ቢያስማማ፣ ጨርቅም ክርም ሳያባክን ብዙ ይማራል። ሁለቱ ክሮች፣ የላይኛውና የታችኛው፣ በጨርቁ ውፍረት መካከል ሊገናኙ የተገባ ነው፤ የታችኛው ክር ወደ ላይ ተስቦ ከታየ የላይኛው ከመጠን በላይ ጠብቋል ማለት ስለሆነ፣ ጀማሪው መኪናውን ከመርገሙ በፊት ጥብቀቱን ጥቂት ያላላ። ከዚህ በኋላ የልጆችን የትምህርት ቤት ልብስ ጠርዝ ማሳጠርና ማስረዘም፣ ቁልፍ መትከል፣ ኪስ መጠገን ይከተላል። እነዚህን ያደላደለ ሰው፣ ከሽመና በጠባቡ የወጣውን የጋቢ ሸማ ጠርዝ ለጠርዝ አገናኝቶ በእጅ ለመስፋት ይደርሳል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ለስላሳ ነውና ክሩን ያለ ልክ መሳብ መጋጠሚያውን ያኮማትረዋል፤ የእጅ ልከኝነት የሚፈተነውም በዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ማኅበሩ የሚያስተምረው መተርተርን ነው። አንዲት ወጣት የተጣመመ ስፌቷን ይዛ፣ «እትዬ፣ በውስጥ በኩል እኮ ነው፤ ማንም አያየውም» ስትል፣ በማኅበሩ ያሉ አንዲት እናት መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «የሚለብሰው ያየዋል፣ የኔ ልጅ፤ ተርትሪውና እንደገና ስፊው» ሲሏት ሰምቻለሁ። ብቻዋን ብትሆን ጨርቁን ወርውራ ትተወው ነበር፤ በጉባኤ መካከል ግን ከአጠገቧ ያሉትም እንደ እርሷ ሲተረትሩ እያየች ስለተቀመጠች፣ ኅፍረቱ ጠፍቶ ትዕግሥቱ ቀረላት። የማኅበር ጥቅሙ ይህ ነው። በሌላ ጊዜም ሽሮ ሜዳ ወርዳ ጥለት ስትመርጥ፣ የሸማኔውን ዋጋ ለመስበር አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ የዚያ ጥለት እያንዳንዱ መስመር ስንት ጊዜ እንደታሰበበት ይታወሳታል።

ይህ ትምህርት ለሴቶች ልጆች ብቻ የተተወ እንዳይመስለን። በአገራችን ፈትል የሴቶች፣ ሽመና የወንዶች ሥራ ሆኖ መኖሩ የታወቀ ነው፤ በየገበያው ከስፌት መኪና ኋላ የተቀመጡትም አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። በቤቱ ቁልፍ መትከል የሚያሳፍረው ጎረምሳ፣ የገዛ አገሩን ልማድ አለማወቁን ይመሰክራል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ለዚህ ተግባረ እድ የሰጡት ስፍራ ታናሽ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ በ9ኛው ምዕራፍ እንደተጻፈው፣ በኢዮጴ ትኖር የነበረችው ጣቢታ ባረፈች ጊዜ፣ መበለቶች በሐዋርያው በጴጥሮስ ፊት ቆመው እያለቀሱ ያሳዩት እርሷ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር፤ የቅድስናዋ ምስክር ሆኖ የቀረበው የእጇ ሥራ ነው። በእኛም ዘመን ታሪክ፣ የፋሺስት ጦር አገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ሴቶች በእቴጌ መነንና በልዕልት ፀሐይ መሪነት ተሰብስበው ለሠራዊቱ ፋሻና ልብስ ማዘጋጀታቸው፣ መርፌ በማኅበር ሲያዝ ምን ያህል አገልግሎት እንደሚሰጥ ያሳያል።

ዛሬ የተሰፋ ልብስ በርካሽ በሚገኝበት ጊዜ መስፋት ለምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። ርካሹ ልብስ ፈጥኖ ይቀደዳል፤ መጣፍ የማያውቅ ቤትም የድሃ ገንዘቡን በየጊዜው ለአዲስ ርካሽ ልብስ ይገብራል። ይህ ለኪስ የሚሰጠው መልስ ነው፤ ለነፍስ የሚሰጠው መልስ ግን ከላይ የተናገርኩት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የጉለሌ እድሮች አዳራሾቻቸውን ከኀዘን ቀን ውጭ ዘግተው ከሚያኖሯቸው፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለስፌት ጉባኤ ቢከፍቷቸው፤ አስተማሪ ሆነው የሚጋበዙትም የሽሮ ሜዳና የቀጨኔ ባለሙያዎች ቢሆኑ፣ ለትምህርታቸውም ተገቢው ዋጋ ቢከፈላቸው። ትናንት በሙያው የተሰደበ ሰው ነገ በዚያው ሙያ መምህር ተብሎ በጎረቤቱ ልጆች ፊት ሲቀመጥ፣ የ1900 ዓ.ም. አዋጅ የጀመረውን ሥራ የሠፈር ሰው በገዛ ፈቃዱ ይፈጽመዋል።