እበቱ ለማገዶ ወይስ ለማሳ?

አንባቢዎቼ፤ የዛሬው ወጋችን ከባሕር ማዶ በገዛ ፈቃዱ መጥቶ፣ ከገበሬ ጋር ጎረቤት ሆኖ፣ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ ማረስን ሊያስተምር ስለሚነሣ ወጣት ነው። «ይህ ወሬ ለእኛ ምን ይረባናል?» አትበሉ። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ነገ በመምህርነት፣ በግብርና ባለሙያነት ወይም በጤና ሠራተኛነት ወደማታውቁት ወረዳ ትመደባላችሁ። ያን ጊዜ የአገሩን ቋንቋ ብታውቁ እንኳ እናንተም እንግዶች ናችሁ።

በጎ ፈቃደኛ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት በአንድ ጊዜ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ለማስተማር ተመደቡ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የራሳችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመፈጸማቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ የሚያገለግሉበት ደንብ ተጀመረ። እንግድነት የፓስፖርት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ የወጣ ሁሉ ሳይረዳው አልቀረም።

እንግዲህ ወጣቱ ደብረ ብርሃን ደረሰ እንበል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታውም 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ይህች ከተማ ስሟ ብርሃን ቢሆንም የጥቅምትና የኅዳር ሌሊቷ ውርጭ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ልብስ ነው፤ የመንዝ ባና ምን ማለት እንደሆነ እንግዳው በአንድ ሌሊት ይገባዋል። ሁለተኛው ምግብ ነው፤ የገብስ እንጀራ፣ ቆሎና በሶ ይለምዳል። ሦስተኛው ሰላምታ ነው። እማማን ከመንገድ ላይ አግኝቶ እጅ ነሥቶ ብቻ ማለፍ ነውር መሆኑን፣ ልጆቹም ከብቱም አዝመራውም ተራ በተራ መጠየቅ እንዳለባቸው ይማራል። ይህን ሁሉ በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ወጣቱ በትምህርት ቤት የተማረው እበት፣ ጭድና ቅጠል ተደራርቦ ሲበሰብስ ለማሳ ፍቱን ማዳበሪያ እንደሚሆን ነው። እውነት ነው። ነገር ግን በየደጃፉ ሲዘዋወር የሚያየው እበት ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ኩበት ሆኖ እንደ ግንብ ተከምሮ ነው። ቢጨንቀው «ይህን የመሰለ ሀብት እንዴት በእሳት ታቃጥላላችሁ?» ይላል። የቤቱም እመቤት «እንጀራውን በምን ልጋግር ልጄ?» ብለው ይመልሱለታል።

ይህ ጥያቄ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። እኔ ተማሪዎቼን «በቤታችሁ እበት ለምን ለምን ይውላል?» ብዬ ብጠይቃቸው የሰሌዳው ግማሽ ሞላ። ለምጣድ ማገዶ ነው፤ ወለል ይለቀለቅበታል፤ አውድማ ይመረግበታል፤ ጎተራ ይለሰንበታል፤ የተረፈውም ገበያ ወጥቶ ለጨውና ለደብተር መግዣ ይሆናል። ጭዱም ቢሆን ባለቤት አለው፤ ከብቱ ይበላዋል፤ ጭቃ ይቦካበታል። በገበሬ ቤት ባለቤት የሌለው ነገር አይገኝም። እንግዳው «ትርፍ» ብሎ ያየው ሁሉ ቀድሞ የተመደበ በጀት ነው። እናንተ በመሥሪያ ቤት ያላችሁት ደግሞ የተመደበ በጀት ካንዱ አርእስት ወደ ሌላው ማዛወር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ!

ሌላም ነገር ያያል። በዚሁ ደጋ ገበሬው ያደረውን መሬት ሣሩን ከነሥሩ ፈንቅሎ፣ ጓሉን ከምሮ፣ ከሥሩ ኩበት ለኩሶ አፈሩን ሲያቃጥል ይኖር ነበር። በመጽሐፍ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ መጮኹ አይቀርም፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብስባሽ ሁሉ ይነዳልና። ገበሬው ግን ያለ ምክንያት አልለኮሰም። ውሃ ቋጥሮ የሚይዘው ጥቁር ጭቃ ሲቃጠል እንደ አሸዋ ይላላል፤ ታስሮ የነበረው ምግብም ይፈታል፤ ገብሱ አንድ ሁለት ዓመት ያምራል። ጉዳቱ ከዚያ ወዲያ ነው፤ መሬቱ ብዙ ዓመት ጦም ማደር አለበት። ሕዝብ በዝቶ መሬት ሲጠብ ያን ያህል ጦም ማሳደር አይቻልም። ጥቅሙንም ጉዳቱንም አንድ ላይ የሚያውቅ አስተማሪ ይደመጣል፤ ጉዳቱን ብቻ ይዞ የመጣ ግን ሰሚ አያገኝም።

አስቀድሞ ጠይቆ የተጠቀመስ አለ ወይ? አለ፤ ያውም በዚሁ በሰሜን ሸዋ። በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ክረምት የሚተኛባቸውን ውሃ ለማስወጣት ሴቱም ልጁም ሳይቀር ወጥቶ መረሬውን አፈር በእጅ ሰፋፊ መደብና ቦይ ያደርጉታል። አዲስ አበባ ይገኝ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ሊቃውንት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ሥራ አይተው ሁለት ማረሻ በማጣመር በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ መሣሪያ ሠሩ። ሐሳቡ የገበሬው ነበር፤ እንግዳው የጨመረው ድካም መቀነሻውን ነው።

ብስባሹንም በተመለከተ ምስክር አለ። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከገበሬዎች ጋር በትግራይ በሞከረው ሥራ ብስባሽ የገባበት ማሳ ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር የሚወዳደር፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት ሰጥቷል። ይህን ሥራ ከባለቤታቸው ከዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ጋር የመሩት እንግሊዝ የተወለዱት የዕፅዋት ሊቅ ሱ ኤድዋርድስ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ዕድሜያቸውን ለኢትዮጵያ ዕፅዋትና ገበሬ ሰጡ። መንግሥትም በ1998 ዓ.ም. ስለ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 አውጥቷል። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሰማይ ሲነካ ደግሞ ጉዳዩ የሊቃውንት ክርክር መሆኑ ቀርቶ የእያንዳንዱ ጎተራ ጭንቀት ሆነ።

ታዲያ ወጣቱ የእማማን ምጣድ ሳያቀዘቅዝ ምን ያድርግ? ማንም የማይጋግርበትን ይፈልግ። የከብቱ ሽንት ያራሰው ጉዝጓዝ አለ፤ ሽንት ደግሞ ለሰብል ዋና ምግብ የሆነውን ናይትሮጅን በብዛት ይዟል። የታረመ አረም አለ። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ቢሄድም አመዱ ፎስፈረስና ፖታሲየም ይዞ ምድጃው ውስጥ ይቀራል። ባቄላና ምስር ከገብስ ጋር ሲፈራረቁ ከአየር ናይትሮጅን ያስገባሉ። ከዚያ በኋላ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቢመጣ፣ በየድንበሩም ዛፍ ቢተከል፣ ካሥር ኩበት ሁለት ሦስቱ በፈቃደኝነት ወደ ማሳ ይመለሳል። እንግዲህ የብስባሽ ትምህርት ከማጀት ይጀምራል ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን የተማሩትን ይዞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው አንኮበር መሮጥም አያዋጣም። ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ በግማሽ ቀን መንገድ ከገብስ አገር ወደ ማሽላ አገር ይገባል። ላይ በብርድ ቶሎ አልበሰብስ የሚለው ክምር ታች ይደርቃል። ላይ በክረምት ጉድጓድ ቢቆፈር ኩሬ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመሬት በላይ ይከመራል፤ ታች ግን ጉድጓድ እርጥበት ይቆጥባል። በዚያው በአንኮበር አጠገብ በ1876 (እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ምኒልክ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ለኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ሰጥተው ነበር። መሪያቸው አንቲኖሪ የአገሩን ወፍ ሲሰበስብና ሲያጠና ኖሮ እዚያው በ1882 ሞቶ ተቀበረ። አገር ለማወቅ ከልብ ለተነሣ ሰው ስድስት ዓመት እንኳ አልበቃውም።

አንባቢዎቼ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለም? ወደ ተመደባችሁበት ስትደርሱ የመጀመሪያውን ሪፖርት ለአለቃችሁ ከመጻፋችሁ በፊት በማስታወሻችሁ አንድ ገጽ ክፈቱ። በዚያ ቤት ያለው እበት፣ ጭድ፣ አመድ፣ የልጆቹም ጊዜ ሳይቀር ለምን ለምን እንደተመደበ ጠይቃችሁ መዝግቡ። ገጹ ሲሞላ ምን ማስተማር እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ፤ እስከዚያ ግን ጠላውን እየተጎነጫችሁ አዳምጡ።