ድጋፉ ያበቃው ዊንዶውስ 10 እና የምዕራብ ደቡብ ወሎ ኮምፒውተሮች

መካነ ሰላም፦ ከገጠር ቀበሌ ለጉዳይ ወደ መካነ ሰላም የሚመጣ አርሶ አደር ብዙውን ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ የሚቆመው ከጽሕፈት ቤት ደጃፍ ነው። ማመልከቻው በዚያ ይጻፋል፤ ውሉ በዚያ ይታተማል፤ የይዞታ ደብተሩ በዚያ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ደብዳቤያቸውንና መዝገባቸውን የሚይዙት በተመሳሳይ ኮምፒውተር ነው። በቦረና፣ በወግዲ፣ በለጋምቦም ሆነ በሳይንት የዚህ ኮምፒውተር ዕጣ ፈንታ ከአገር ውጭ በተወሰነ አንድ ቀን ተነክቷል።

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነጻ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 10 ለገበያ የቀረበው ሐምሌ 2007 ዓ.ም ነበር፤ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ መስከረም 2014 ዓ.ም ወጥቷል።

ዊንዶውስ የኮምፒውተሩ ስርዓተ ክወና ነው፤ ማያ ገጹን፣ የቁልፍ ሰሌዳውን፣ ማተሚያውንና የተቀመጡትን ፋይሎች የሚያስተባብር መሠረታዊ ፕሮግራም ማለት ነው። ሌላው ፕሮግራም ሁሉ የሚሠራው በእርሱ ላይ ቆሞ ነው። ድጋፉ ስላበቃ ኮምፒውተሩ ሥራ አያቆምም፤ ትናንት የጻፈው ነገም ይጽፋል። የሚቋረጠው በፕሮግራሙ ውስጥ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ኩባንያው ይልከው የነበረው መድፈኛ ነው። አጥሩ እንደቆመ አለ፤ ሲላላ የሚያጠብቀው ሰው ግን ሄዷል።

የዚህ ትርጉም ምን እንደሆነ ዓለም አንድ ጊዜ በግልጽ አይቶታል። ግንቦት 2009 ዓ.ም ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በ150 ገደማ አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ የማስለቀቂያ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ የሚገኙ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ቀዳዳውን የሚዘጋው ማሻሻያ ግን ጥቃቱ ከመድረሱ 2 ወር ገደማ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። የተጎዱት በአብዛኛው ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው።

ይህ ለወሎ ደጋማ ወረዳዎች የተለየ ትምህርት አለው። ከኢንተርኔት ጋር እምብዛም የማይገናኝ ኮምፒውተር ድጋፉ በነበረበት ዘመንም ማሻሻያው አይደርሰውም ነበር። ቫይረሱ ግን ኢንተርኔት ሳይጠብቅ በፍላሽ ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ይሻገራል። ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር አደጋው የጀመረው ከጥቅምት 4 በፊት ነው። ቀኑ ያመጣው አዲስ ነገር ቢኖር፣ ለመታረም የነበረው ዕድል መጥበቡ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ስርዓተ ክወናው ሲያረጅ ሌሎች ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ይተዉታል። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 2012 ዓ.ም አበቃ፤ ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም፣ ክሮም የተባለው የኢንተርኔት መቃኛ አዳዲስ እትሞቹን ለዊንዶውስ 7 ማውጣት አቆመ። የመንግሥት አገልግሎት፣ የባንክ ሥራና የተማሪዎች ምዝገባ ወደ ኢንተርኔት እየገባ ባለበት ጊዜ፣ መቃኛው ያረጀበት ኮምፒውተር እያደር ከአገልግሎቱ ውጭ መሆኑ አይቀርም። የዊንዶውስ 7 ተሞክሮ መለኪያ ከሆነ፣ የዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች ለመዘጋጀት ያላቸው ጊዜ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

ጉዳዩ የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በወረቀት መዝገብ ተጀምሮ፣ በሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ማሳዎች እየተለኩ ካርታቸው ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ቆይቷል። አርሶ አደሩ ኮምፒውተር ነክቶ ባያውቅም የማሳው ልክና ወሰን በኮምፒውተር ውስጥ ይኖራል። ወሰን ሲገፋ፣ ውርስ ሲከፈል፣ ይዞታ ሲከራይ የሚፈለገው ያ መረጃ ነው። ከጽሕፈት ቤቱ ዲስክ በቀር ሌላ ቅጂ የሌለው መዝገብ በቫይረስ ቢቆለፍ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ሲጠገን በስሕተት ፎርማት ቢደረግ፣ ጉዳቱ ተመላልሶ የሚያርፈው በባለጉዳዩ ላይ ነው።

ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር ለምን ቀላል አልሆነም? የመጀመሪያው ምክንያት የመሣሪያው ዕድሜ ነው። አዲሱ ስርዓት ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። በኢንቴል ማቀነባበሪያ የሚሠራ ኮምፒውተር ከሆነም፣ ከጥቂቶች በቀር 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የሆነ፣ ማለትም ከ2010 ዓ.ም ገደማ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት የተገዛ ዴስክቶፕ ምንም ሳይጎድለው እየሠራ ከመሥፈርቱ ውጭ ይሆናል። አንዳንድ የጥገና ባለሙያዎች መሥፈርቱን በማለፊያ ዘዴ አልፈው ይጭኑታል፤ ኩባንያው ግን እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር ማሻሻያ ስለመድረሱ ዋስትና አይሰጥም።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ኮምፒውተር ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነውና ዋጋው አብሮ ወጥቷል። በቀን ጥቂት ማመልከቻ ጽፎ ለሚያድር የጽሕፈት ቤት ባለቤት፣ እንዲሁም በጀቱ ከዓመት ዓመት ለማይበቃው ትምህርት ቤት፣ የሚሠራውን ኮምፒውተር ጥሎ አዲስ መግዛት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ማይክሮሶፍት ጊዜ የሚገዛ አማራጭ አቅርቧል። ግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም የሚዘልቅ የደኅንነት ማሻሻያ በ30 ዶላር፣ ወይም የኮምፒውተራቸውን ቅንብር ከኩባንያው የኢንተርኔት አካውንት ጋር በማገናኘት ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላሉ። ለድርጅቶች የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ በ3 ዓመት 427 ዶላር ይደርሳል። ለትምህርት ተቋማት ግን የተቀመጠው ዋጋ 1፣ 2 እና 4 ዶላር፣ በ3 ዓመት ድምር 7 ዶላር ነው። ልዩነቱ ሰፊ በመሆኑ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ሊያጤኑት ይገባል። ሆኖም ይህ ሁሉ በሕጋዊ ፈቃድ ለተጫነ ዊንዶውስ የተሰናዳ ነው። በገበያ ላይ ተባዝቶ የሚዞረውን ቅጂ የጫነ ሰው በዚህ በር ለመግባት መብት የለውም።

የአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ከዋጋውም በፊት የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ፦ አዲሱ ስርዓት ፊደላችንን እንዴት ይዞታል? ጥያቄው ከልምድ የመጣ ነው። በቀደሙት ዓመታት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ኮድ ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ይሆን ነበር። በ1992 ዓ.ም መባቻ ገደማ የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደላት የታወቀ ቋሚ ቁጥር ሰጣቸው። በ1999 ዓ.ም ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም በኮምፒውተር ይነበባል፤ ይጻፋል።

ተስፋው ከዚህ ይነሣል። ስርዓተ ክወናው ፊደሉን ማወቅ ከቻለ፣ ነገ የአማርኛን ፊደል ግድፈት ያርማል፤ የተነገረውን ያጽፋል፤ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል የሚል ተስፋ አለ። ማንበብ ለማይችል አርሶ አደር ማመልከቻው ከመታተሙ በፊት በራሱ ቋንቋ ቢነበብለት፣ የጻፈለትን ሰው ብቻ ከማመን ይድናል። ነገር ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታገዙት አዳዲስ አገልግሎቶች አስቀድመው የሚመጡት በእንግሊዝኛና ሰፊ ገበያ ባላቸው ቋንቋዎች ነው። ለዚህ ሥራ የተለዩት ኮምፒውተሮችም ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራም ይጠይቃሉ። ለአማርኛ ተጠቃሚ ዋጋው ቀድሞ፣ ጥቅሙ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል።

የቆዩ ሰነዶችም ራሳቸውን የቻሉ ሥጋት ናቸው። ዊንዶውስ 11 የሚሠራው በ64 ቢት ብቻ ስለሆነ፣ ለቀድሞዎቹ ባለ 16 ቢት ስርዓቶች የተሠሩ ፕሮግራሞች አይከፈቱበትም። በዩኒኮድ ያልተጻፈ የድሮ ቃለ ጉባኤ ወይም የተማሪ ውጤት ያለው ተቋም፣ የጻፈበት ፕሮግራም በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ሳለ ወደ ዩኒኮድ ካልመለሰው ወይም ካላተመው፣ ፋይሉ እያለ ንባቡ ሊጠፋበት ይችላል።

ሦስተኛው ሥጋት ኮምፒውተሩ ያለ ኢንተርኔት ራሱን ችሎ መሥራቱን እንዳያጣ ነው። ዊንዶውስ 11ን ለግል አገልግሎት የሚያዘጋጅ ሰው ከመነሻው ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት እንዲኖረው ይጠየቃል። ይህ በአዲስ አበባ ቀላል ይመስል ይሆናል። በአማራ ክልል ግን ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ነዋሪው አይዘነጋውም። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኔትወርክ በሚጠፋበት ደጋ አገልግሎቱን ለማግኘት ሩቅ አገር ያለ ማዕከል መጠየቅ ያለበት መሣሪያ አስተማማኝ አይሆንም።

ከዚሁ ጋር የምስጢር ጉዳይ ይነሣል። ማይክሮሶፍት በግንቦት 2016 ዓ.ም ሪኮል የተባለ፣ የማያ ገጹን ምስል በየጥቂት ሰከንዱ እያስቀረ ኋላ ለመፈለግ የሚያስችል አገልግሎት አስተዋውቆ ነበር። የደኅንነት ባለሙያዎች ብርቱ ትችት ሲያቀርቡ ሥራ ላይ መዋሉ ዘገየ፤ በኋላም ተጠቃሚው ፈልጎ ካልከፈተው በቀር እንዳይሠራ ተደረገ። በአንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር በአንድ ቀን የፍቺ ማመልከቻ፣ የብድር ውልና የሕክምና ማስረጃ ሊጻፍ ይችላል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥታለች። ሕጉ በተግባር የሚፈተነው እንዲህ ባለው ጠረጴዛ ላይም ነው።

ሌላ መንገድ የለም ወይ የሚለው ጥያቄ መልሱ አለ ነው። ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና የፈቃድ ክፍያ የለውም። ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነውና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም የወጣው ኡቡንቱ 24.04 ለ5 ዓመት ነጻ የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ቀለል ያሉት ዓይነቶቹ ዊንዶውስ 11 በማይቀበላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ይሠራሉ፤ አማርኛም ይጻፍባቸዋል። የራሱ ፊደል ያለው የሕንዱ ኬረላ ግዛት በትምህርት ቤቶቹ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን በሊኑክስ አሠርቷል። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ እስከ 2013 ወደ 15 ሺህ ገደማ ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ ካዛወረች በኋላ፣ በ2017 ወደ ዊንዶውስ እንድትመለስ ወስናለች። ኬረላ መምህራንን በማሠልጠንና ይዘቱን በራሷ ቋንቋ በማዘጋጀት ጸንታለች፤ ሙኒክ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ፕሮግራሞች ጋር ባለመግባባትና በአመራር ለውጥ ተፈትናለች። ነጻው ስርዓት የፈቃድ ዋጋ ባይኖረውም የሥልጠናና የጥገና ዋጋ አለው። በዎርድ የተሠራ ሠንጠረዥ ሊዛባ፣ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ የመሥሪያ ቤት ፕሮግራም ሊያስቸግር ይችላል።

ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። መሥሪያ ቤቶች መጀመሪያ ያሏቸውን ኮምፒውተሮች ቆጥረው መሥፈርቱን የሚያሟሉትን ከማያሟሉት መለየት ይችላሉ። የሚያሟሉት ወደ ዊንዶውስ 11 ቢሸጋገሩ ይጠቅማል። የማያሟሉት ለተማሪዎች መለማመጃና ለተራ ጽሕፈት በሊኑክስ ሊሞከሩ፣ ወይም ከኢንተርኔትና ከእንግዳ ፍላሽ ተለይተው ሊሠሩ ይችላሉ። በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሥራ መምህራኑንና ተማሪዎቹን ቢያሰማራ፣ ወረዳዎቹ ሙያውን ከደጃቸው ያገኙታል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ስርዓት ከመለወጡ በፊት ሰነዱን ማዳን ነው። የመሬት፣ የትምህርትና የፍርድ መዝገብ ቢያንስ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ቤት ተቀድቶ ሊቀመጥ፣ ቅጂውም በየጊዜው ተከፍቶ ሊታይ ይገባል። የጽሕፈት ቤት ባለቤትም ኮምፒውተሩን ለፎርማት ከመስጠቱ በፊት የደንበኞቹን ፋይል ያውጣ። አርሶ አደሩ በበኩሉ የይዞታ ደብተሩን ዋና ቅጂ በእጁ ይያዝ፤ ስሙና የማሳው ልክ በኮምፒውተር የተመዘገበው ከደብተሩ ጋር መስማማቱን ሄዶ ይጠይቅ። የጥቅምቱ ቀን አልፏል፤ ኮምፒውተሮቹ ግን እስካሁን ይከፈታሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት ያለው ጊዜ እነርሱ እስከሚከፈቱ ድረስ ነው።