ጸሎትም፣ የቀጠሮ ካርድም

በሀዋሳ መሃል ከተማ ባሉ አጥቢያዎቻችን ከምንጸልይላቸው መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው አሉ። እጅ እንጭንባቸዋለን፤ ይህ መልካም ነው። የሚያሳስበን ከ“አሜን” በኋላ አንዳንዴ የሚከተለው ቃል ነው፦ “ተፈውሰሃል፣ ክኒኑን ጣለው።”

መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ሕይወት እስከሚያሳጣ ድረስ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ጌታ የፈወሰውንም ሰው ሐኪሙ መርምሮ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቢቀንስለት እምነቱ አይጎድልም።

ብዙዎች ማርቆስ 9ን ያነሣሉ። እውነት ነው፣ በዚያ ጌታ ርኩስ መንፈስን ገሥጾ ልጁን ፈውሶታል። ማቴዎስ 4፥24 ግን አጋንንት ያደረባቸውንና በሽታው የሚጥላቸውን ለየብቻ ይዘረዝራል። የሚወድቅ ሁሉ ጋኔን አለበት ማለት አንችልም። ጳውሎስም በእጁ ብዙ ፈውስ ሲደረግ ሳለ፣ ደጋግሞ ይታመም ለነበረው ጢሞቴዎስ ለሆዱ የሚረዳውን ነገር መክሮታል (1ጢሞ 5፥23)።

በቡታጅራ ገጠር ተደርጎ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ሺህ ሰው በሚሰበሰብበት አጥቢያ አምስት ሰው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።

ነገር ግን በአገራችን የነርቭ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ እንደ ፌኖባርቢታል ያለ ርካሽ መድኃኒት እዚያም ሊጀመር ይችላል። ካልበቃ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ “ሪፈራል” ወደምንለው ወደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሂዱ።

ሐኪም ስትመርጡ ስሙ የገነነውን ብቻ አትፈልጉ። ክትትሉ የዓመታት ነው፤ ስለዚህ ደጋግማችሁ ልትመለሱበት የምትችሉትን ምረጡ። እነዚህን ጠይቁ፦

- ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ከሆነ በመካከሉ ማን ይከታተለናል?
- ያዘዘው መድኃኒት ሀዋሳ ውስጥ ይገኛል? ዋጋውንስ በየወሩ እንችለዋለን?
- ሕመምተኛው ሲወድቅ ያየውን ሰው ጊዜ ሰጥቶ ይሰማል? ሕመምተኛው ራሱ ብዙ ጊዜ አያስታውስምና ያየ ሰው አብሮ ይሂድ፤ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮም ይረዳል።
- ለማርገዝ ላሰበች እህት ጽንስን ሊጎዱ ስለሚችሉ መድኃኒቶች በግልጽ ያስረዳል?

መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ሆይ፣ የእኛም ድርሻ አለ። ለትራንስፖርት ያጣውን እንርዳ፤ በቀጠሮው ቀን አንድ ወንድም አብሮት ይቀመጥ። በመድረክ ላይም “መድኃኒትህን አታቋርጥ” ብለን በግልጽ እንናገር። የጸለይንለትን ሰው በሐኪሙ በር ላይ ብቻውን አንተወው።

ጌታ ጸሎታችንን ይስማ፤ የሐኪሞቻችንንም እጅ ይባርክ።