እቴጌ ጣይቱ ከዓድዋ በኋላስ?

በየዓመቱ የካቲት 23 ሲደርስ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ድራማ እንሠራለን። ጣይቱን የምትጫወተው ልጅ የውጫሌን ውል ትቃወማለች፣ መቀሌ ላይ የጣሊያኖቹን የውኃ ምንጭ ታስይዛለች፣ እልልታው ይቀልጣል፣ መጋረጃው ይዘጋል። ከዚያ እንጀራ ይቀርባል።

እኛ የአማርኛ ክበብ አባላት ዘንድሮ የምንለው፣ መጋረጃው ቶሎ ይዘጋል ነው። ድራማው የሚያልቀው 1888 ላይ ነው። እቴጌይቱ ግን ከዚያ በኋላ 22 ዓመት ኖረዋል፤ ለልብ ወለድ የሚሆነው ታሪክም ያለው እዚያ ውስጥ ይመስለናል።

አፄ ምኒልክ በጠና ሲታመሙ መንግሥቱን ይዘው የቆዩት ጣይቱ ነበሩ። በመጋቢት 1902 መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡ፣ ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ነገሯቸው። በታኅሣሥ 1906 ንጉሡ አረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ሚስታቸው ግን ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ተላኩ። ይህች ቤተ ክርስቲያን በጥቅምት 1882 ባልና ሚስቱ በሁለት ቀን ልዩነት ዘውድ የጫኑባት ናት። ከዚያ ኮረብታ ወደ ታች ሲመለከቱ የሚታየው፣ ራሳቸው ስም ያወጡለት ከተማ ነው። ደራሲ ቁጭ ብሎ ቢፈጥረው «አበዛኸው» እንለው ነበር።

እኛን በጣም የሚይዘን ግን የዘውዲቱ ነገር ነው። ዘውዲቱ የጣይቱ የእንጀራ ልጅ ናቸው፤ ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌም የጣይቱ የወንድም ልጅ። ልጅ ኢያሱ በሥልጣን ላይ ሳለ እሳቸውንም ከግቢ አርቆ ፋሌ አስቀምጧቸው ነበር። በመስከረም 1909 ኢያሱ ሲሻር ንግሥት ሆኑ። ጣይቱ በኋላ ወደ ጎንደር ልሂድ ብለው ሲጠይቁ አልተፈቀደላቸውም። መከልከልን የሚያውቅ ሰው በተቀመጠበት ዙፋን ዘመን እንዴት ተከለከሉ? ፖለቲካው ይገባናል፤ ጎንደርና የጁ የጣይቱ ወገን አገር ነው፣ አዲሱ መንግሥትም ገና አልጠናም። ያ መልስ ለታሪክ ፈተና ይበቃል። ዘውዲቱ በዚያ ሌሊት ተኝተው እንደሆነ የሚነግረን ግን ልብ ወለድ ብቻ ነው።

አንድ መምህራችን በዚህ አይስማሙም። «ያልተጻፈውን ሐሳብ በንግሥት አፍ ማስገባት ሐሰት ነው» ይላሉ። እናከብራቸዋለን፤ ቢሆንም የክበባችንን መደርደሪያ ይመልከቱልን። ስለ አፄ ቴዎድሮስ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» አለ፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» አለ፣ «የታንጉት ምሥጢር»ም አለ። ለአንድ ንጉሥ ሦስት መጽሐፍ ሲጻፍ ሐሰት አላልነውም። እንጦጦ ላይ ስለተቀመጡት ሴት ግን መደርደሪያችን ላይ አንድም ልብ ወለድ የለም።

ይህን ነገር እዚህ ናይሮቢ ሆነን ለምን እናነሣዋለን? ከመካከላችን የአንዷ አያት ኢስትሌ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ወረቀታቸው ጊዜው ካለፈ ቆየ፤ ፖሊስ እንዳያስቆማቸው ፈርተው ማታቱ አይሳፈሩም። እሑድ ቅዳሴ ሰው አጅቧቸው ከሄዱ ሄዱ፣ ካልሆነ በስልክ ይሰማሉ። አገር ቤት መመለስም የሚሆን አልሆነም። ማንም አላሰራቸውም፤ በራቸውም ከውስጥ ነው የሚቆለፈው። የጣይቱን የመጨረሻ ዓመታት ስናነብላቸው ስለ ዓድዋ አንድም ነገር አልጠየቁንም። የጠየቁት፣ «ጎንደር ቢፈቀድላቸው ኖሮ በበቅሎ ስንት ቀን ይፈጅባቸው ነበር ልጆቼ?» ብለው ነው። መልሱን አላወቅነውም። እሳቸው ግን ለራሳቸው መንገድ የሚቆጥሩ ይመስል ጣታቸውን ሲያጥፉ አየናቸው።

እቴጌ ጣይቱ የካቲት 4 ቀን 1910 እንጦጦ ላይ አረፉ፤ ለዓድዋ በዓል 19 ቀን ሲቀረው። በኋላ አፅማቸው ወርዶ በበዓታ ለማርያም ከባላቸው አጠገብ ዐረፈ።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት ድራማ ሁለተኛ ክፍል ጠይቀናል፤ አንዲት ሴት፣ አንድ መስኮት፣ ከታች ከተማ። የመድረክ ኮሚቴው የሰጠን መልስ ጊዜው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው፣ እንጀራውም ይቀዘቅዛል የሚል ነው። ከጦርነቱ ላይ አሥር ደቂቃ ለመቀነስ ተስማምተናል። ጣይቱን የምትጫወተው ልጅ ሽበት መቀባት አልፈልግም ብላለች፤ እሷን እያግባባናት ነው።