የጭፍራ የውሃ ፓምፖችና የመለዋወጫ ዕቃ ትእዛዝ

በአፋር ክልል አውሲ ረሱ ዞን የምትገኘው ጭፍራ ከሚሌ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቆረቆረች የወረዳ ከተማ ናት። የወረዳው ሕዝብ ኑሮ በአብዛኛው በግመል፣ በከብት፣ በፍየልና በበግ ርባታ ላይ የተመሠረተ ነው። ካርማ የተባለው የክረምት ዝናብ አልፎ ወንዝና ኩሬ ሲነጥፍ፣ ይልቁንም በግንቦትና በሰኔ በሐጋይ ወቅት፣ ሰውም እንስሳም ተስፋ የሚያደርጉት የጉድጓድ ውሃን ነው። በመሆኑም አንድ ፓምፕ ሲቆም የሚቆመው መሣሪያው ብቻ አይደለም። ሴቶችና ልጆች ውሃ ፍለጋ የሚጓዙት መንገድ ይረዝማል፤ አርብቶ አደሩ መንጋውን እየነዳ ወደ ሌላ የውሃ ቦታ ይሄዳል፤ በዚያም በውሃና በግጦሽ ሽሚያ ይነሣል። አስተዳደሩም ለጥገና ሊውል ይችል የነበረውን ገንዘብ ለቦቴ ውሃ ያወጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ጭፍራ ዘልቆ ነዋሪዎችን ያፈናቀለ በመሆኑ፣ የውሃ አገልግሎትን ሳይቋረጥ የማቆየቱ ጉዳይ ለወረዳው የበለጠ ክብደት አለው።

ፓምፕን የሚያቆመው ብልሽት ብዙ ጊዜ ከአንዲት አነስተኛ ክፍል የሚመጣ ነው። ከውሃው ጋር የሚወጣ አሸዋ ኢምፔለሩንና ቦኮላውን ይበላል፤ ጨዋማ ውሃ ተራውን ብረት ያዝጋል፤ ኩሽኔታው ሲያልቅ ዘንጉን ይጎዳል። ኩሽኔታና ቺንጊያ በዓለም አቀፍ ቁጥር የሚሠሩ ስለሆኑ ቁጥሩን ይዞ ከገበያ መግዛት ይቻላል። ዘንግ፣ ቦኮላና የሞተር ማያያዣ ግን ለየፓምፑ ዓይነት የተለዩ ናቸው። ፓምፑን የሠራው ኩባንያ ያንን ሞዴል ማምረት ካቆመ፣ ወይም አስመጪው ዕቃውን ካልያዘ፣ ያለው አማራጭ ክፍሉን በልክ ማሠራት ነው።

ይህ አማራጭ ዛሬ የበለጠ ትኩረት የሚሻ ሆኗል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ የሚያስከትለው ጫና ግልጽ ነው። በሌላ በኩል አገሪቱ የማምረት ልምድ አላት። በደርግ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት በአቃቂ የተቋቋመው የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ዓላማው ይኸው ነበር። በየከተማው ያሉ ቶርኖ ቤቶችም ለወፍጮና ለመኪና ክፍሎችን ሲሠሩ ኖረዋል።

ከቶርኖውና ከፍሬሳው ቀጥሎ የመጣው ሲ.ኤን.ሲ. የተባለው በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መሣሪያ ነው። የዚህ አሠራር መነሻ የሆነው በቁጥር የሚመራ ፍሬሳ በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። መሣሪያው አንድ ጊዜ የተሰጠውን መመሪያ ተከትሎ ተመሳሳይ ክፍሎችን ደጋግሞ ይሠራል። ሆኖም መመሪያውን ለማዘጋጀትና መሣሪያውን ለማሰናዳት የሚወጣው ወጪ አንድ ዕቃ ለሚያዝዘውም ሆነ ሃያ ለሚያዝዘው ያው ነው። ስለዚህ ፓምፕ በተሰበረ ቁጥር አንዳንድ ዕቃ የሚያሠራ ወረዳ ውድ ዋጋ ይከፍላል። ለአንዲት ቀላል ቦኮላ ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ይበቃል፤ ሲ.ኤን.ሲ. የሚያዋጣው ቅርጹ ለተወሳሰበ ወይም በብዛት ለሚፈለግ ዕቃ ነው።

ከመሣሪያው ይልቅ የሥራውን ውጤት የሚወስነው ግን የትእዛዙ ጥራት ነው። የተለመደው አሠራር ያረጀውን ክፍል ይዞ ሄዶ «ይህን የመሰለ ሥሩልኝ» ማለት ነው። ያለቀ ዘንግ ተለክቶ የሚሠራ አዲስ ዘንግ ግን ያለቀውን ልክ ይወርሳል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ግጭት ካልነካው ቦታ ወይም በቦታው ከሚገባው ኩሽኔታ ነው። ሥዕሉ የት ላይ ጥንቃቄ እንደሚያሻም መናገር አለበት። ኩሽኔታ የሚቀመጥበት የ40 ሚሊሜትር ዘንግ የሚፈቀድለት የልክ ልዩነት 0.016 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከሰው ጠጉር ውፍረት በእጅጉ ያነሰ ነው። ምንም በማይነካው ቦታ ላይ ግን 0.3 ሚሊሜትር ወዲያና ወዲህ ቢል ጉዳት የለውም። ሁሉንም ቦታ እኩል ጥብቅ አድርጎ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ሲሆን፣ ሁሉንም ልል አድርጎ ማዘዝ ደግሞ ፓምፑን መልሶ ማቆም ነው። የብረቱ ዓይነትም እንዲሁ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ጨዋማ ውሃ ባለበት ጉድጓድ የማይዝግ ብረት ሲገባ ተራ ብረት ከተገጠመ፣ ልኩ ቢስተካከልም ዕድሜው አጭር ይሆናል።

የግዢው ሥርዓትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። «የፓምፕ ዘንግ፣ ብዛት 1» ብቻ የሚል ፕሮፎርማ ለሦስት ድርጅቶች ቢሰጥ፣ ሦስቱ የሚያቀርቡት ዋጋ የሦስት ልዩ ልዩ ዕቃዎች ዋጋ ነው። ዝቅተኛው ዋጋ ሲመረጥም የተመረጠው ደካማው ብረት ሊሆን ይችላል። ልክ፣ የብረት ዓይነትና የርክክብ መመዘኛ የሌለው ትእዛዝ ገዢውን የመከራከሪያ መብት ያሳጣዋል።

አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ከዚህ አንፃር ትምህርት ይሰጣል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች የተሻሻለው ይህ ፓምፕ ሥዕሉ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ ክፍሎቹን ብቃት ያለው ማንኛውም አምራች ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን የሚያገለግለው እስከ 45 ሜትር ጥልቀት በመሆኑ ለአፋር ጥልቅ ጉድጓዶች መልስ አይሆንም። እዚያ የሚያስፈልጉት የሞተር ፓምፖች ሥዕላቸው በአምራቹ እጅ ያለ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ባለቤቱ ራሱ ማዘጋጀት ይኖርበታል፤ ይህንንም ማድረግ የሚቀለው ፓምፑ ገና ጤነኛ ሳለ ነው።

በመሆኑም ሊታሰብበት የሚገባው ጉዳይ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፓምፕ ለጥገና ከጉድጓድ በወጣ ቁጥር ክፍሎቹን በካሊፐርና በማይክሮሜትር ለክቶ፣ ሥዕላቸውን በወረዳውና በክልሉ የውሃ ቢሮ መዝገብ ማኖር ነው። ሁለተኛው፣ ተመሳሳይ ፓምፕ ያላቸው ወረዳዎች ከሐጋይ በፊት በኅብረት እንዲያዝዙ ማድረግ ነው። የተሳሳተ ሥዕል ሃያ ጊዜ ከተባዛ ሃያ ውድቅ ብረት ስለሚሆን፣ መጀመሪያ አንድ ዕቃ ተሠርቶና በፓምፑ ላይ ተገጥሞ ሳይፈተን ቀሪው መመረት የለበትም። በመጋዘን የሚቀመጥ ዕቃ ገንዘብ ማሰሩ እውነት ነው። ዳሩ ግን በሐጋይ የቆመ ፓምፕ የሚያሳጣው ከብትና ጤና ከዚያ የከበደ ነውና፣ ዝግጅቱ ከብልሽቱ መቅደም ይኖርበታል።